ምልክቱን አላውቀውም

ቢስቲማ
መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባባ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? እማዬስ ጾሙን እንዴት ይዛዋለች? እኔ ደህና ነኝ፤ ትምህርት ቤቱም ደህና ነው፤ ደህና ያልሆነው ላፕቶፑ ነው። በስልክ ልነግርዎት ሁለት ጊዜ ሞክሬ፣ እማዬ ጆሮዎ ሥር እየጮኸች ስታስተላልፍልኝ ግቢው በሙሉ የኔን ጉዳይ ሰማ። እርስዎም "ድምፅሽን እሰማለሁ፣ ቃልሽን ግን አልሰማም" አሉኝ። ስለዚህ ከእንግዲህ በደብዳቤ ይሻለናል ብዬ ነው።

ባለፈው ሰኞ ክፍል ውስጥ እንደተሰካ ድርግም አለ። ከዚያ ወዲህ ቻርጅ አይቀበልም፣ አይበራም። አልወደቀም፣ ውኃም አልነካውም። መስከረም ላይ ከፒያሳ ገዝታችሁ ስትሰጡኝ የአንድ ዓመት ዋስትና ነበረው፤ ገና ግማሹ ይቀራል። ደረሰኙና የዋስትና ወረቀቱ ከቻርጀሩ ጋር አሉ። የሸጡልን ሱቅ ቢፈርስም ድርጅቱ አራት ኪሎ የጥገና ክፍል አለው፤ አድራሻው ወረቀቱ ጀርባ ላይ ነው። እርስዎን ወክያለሁ የሚል ደብዳቤም ጽፌ የትምህርት ቤቱን ማህተም አስመትቼበታለሁ።

ለምን እንደምጣደፍ ልንገርዎት። የዘንድሮዎቹ አሥራ ሁለተኛ ክፍሎች በኮምፒውተር ነው የምትፈተኑት ተብለዋል። አርባ አንድ ናቸው። ከነሱ ውስጥ ከዚህ በፊት ማውዝ ይዞ የሚያውቀው አንድ ልጅ ብቻ ነው። የትምህርት ቤቱ ሁለት ኮምፒውተሮች እኔ ሳልመጣ ነው የሞቱት። እስካሁን በየተራ ሃያ ሃያ ደቂቃ በኔ ላፕቶፕ ሲለማመዱ ነበር፤ አሁን ባዶ እጃችንን ቀርተናል። ፈተናው ሰኔ መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት ተሠርቶ ካልተመለሰ እነዚህ ልጆች ዳግም ኮምፒውተር ፊት የሚቀመጡት ፈተናው ቀን ነው ማለት ነው።

ላፕቶፑን በነጠላ ጠቅልዬ አዲስ አበባ ለሚመላለሰው ሾፌር ለእንድሪስ ሰጥቼዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎት፤ እባክዎ ካቻቢቴዎትን ቤት ይተውት። ሰዓት አይደለም።

ልጅዎ ጽዮን


ፒያሳ
መጋቢት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለጽዮን፣

ሰላምታዬ ባለሽበት ይድረስሽ። እናትሽ ደብሪቱ ደህና ናት። እሷ ጾሙን ይዛዋለች፣ ጾሙም እሷን ይዟታል፤ ማን ማንን ቀድሞ እንደሚለቅ በፋሲካ እናያለን። ስለ ካቻቢቴዬ የጻፍሽውን በቀይ እስክሪብቶ አስምራበት መስታወቱ አጠገብ ለጥፋዋለች። ጢሜን በተላጨሁ ቁጥር አነበዋለሁ።

እንድሪስ ዕቃውን በሰላም አድርሷል። መንገድ ላይ ጥሎት ይሆን ወይ ብለሽ አትጠርጥሪው፤ ከራሱ መቀመጫ ጀርባ አስሮ ነው ያመጣው። በማግስቱ አራት ኪሎ ወሰድኩት። ክፍሉ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አሳንሰሩ አይሠራም። የጥገና ድርጅት አሳንሰሩ ተበላሽቶ ሲቀመጥ አይከብደውም ወይ ብዬ ዘበኛውን ብጠይቀው አልሳቀልኝም። ቁጥር ወስጄ ከአንድ ሰዓት በላይ ጠበቅሁ። ከጎኔ የነበረች ልጅ "አባት፣ የእርስዎ ምንድን ነው የተበላሸው?" ብትለኝ "ጆሮዬ" አልኳት።

የተቀበለኝ ቴክኒሻን አማኑ ይባላል። ዕቃ ሲያስቀምጥ አይጥልም፣ ያስቀምጣል፤ እኔ ሰው የምመዝነው በዚህ ነው። ወረቀቱን አየ፣ ቁጥሩን መዘገበ፣ በሁለት ሳምንት ይመለሱ አለኝ። ጥያቄ ግን አበዛብኝ፤ ማን ተጠቀመበት፣ የት ነበር፣ ማን ነካው እያለ። ጆሮዬን አመካኝቼ ግማሹን አለፍኩት።

ስለ ሥራዬ ልንገርሽ፣ ሱቄ ከፈረሰ ወዲህ እዚያው ፒያሳ አንድ ወርቅ ቤት መስኮት ሥር ጠረጴዛዬን አስገብቼ ተቀምጫለሁ። ሰው ቀለበት ሊገዛ ይመጣል፣ ዋጋውን ሲሰማ የሰዓት ባትሪ ቀይሮ ይሄዳል። ለኔ የሚተርፈኝ ከዚህ ነው።

ልጆቹን አይዟችሁ በያቸው።

አባትሽ እምሩ


ቢስቲማ
ሚያዝያ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባባ፣

ሰላም ለእርስዎና ለእማዬ። ከድርጅቱ በስልኬ የደረሰኝን መልእክት እንዳለ ልገልብጥልዎት። "ውድ ደንበኛችን፣ ለጥገና ያስገቡት ምርት ከድርጅታችን ውጭ በሆነ ሰው የተከፈተ ሆኖ ስለተገኘ ዋስትናው ተቋርጧል። የጥገና ዋጋ ከፍለው ማሠራት ወይም ምርቱን መረከብ ይችላሉ።" ዋጋው ከሥሩ አለ። የሁለት ወር ደመወዜ ነው፤ የለኝም።

እኔ አልከፈትኩትም። እዚህ የሚከፍተው ሰውም የለም። ካቻቢቴ ያለው የትምህርት ቤቱ ጥበቃ ብቻ ነው፤ እሱም የበር ማጠፊያ የሚያጠብቅበት ነው። ስለዚህ ላለመሥራት የፈጠሩት ሰበብ ነው ብዬ አንድ ቀን ሙሉ ስበሳጭ ዋልኩ። ለንግድ ቢሮ አቤት ልላቸው ማመልከቻ ሁሉ ጀምሬ ነበር።

በማግስቱ ግን ቀን መቁጠር ጀመርኩ። የተገዛው መስከረም 3 ነው። እኔ የተሳፈርኩት መስከረም 6 ነው። በመሀል ያሉትን ቀናት ላፕቶፑ የዋለው እርስዎ ጠረጴዛ ላይ ነው።

አባባ፣ ተቆጥቼ አይደለም የምጠይቅዎት። ማመልከቻውን ከመላኬ በፊት እውነቱን ማወቅ ስላለብኝ ነው። ከፍተውት ነበር?

ልጅዎ ጽዮን


ፒያሳ
ሚያዝያ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለጽዮን፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰሽ። በዓሉ ጥሩ ነበር። አንድ ዶሮ ገዝተን፣ ዋጋውን እኔ ለእናትሽ ቀንሼ ነገርኳት፤ እሷ ደግሞ የሽንኩርቱን ቀንሳ ነገረችኝ፤ ተከባብረን በላን። አትክልት ተራ ይሸጥ የነበረው ቲማቲም ወደ ሌላ ሰፈር ከሄደ ወዲህ ለአንድ ኪሎ ሁለት ታክሲ ትይዛለች። የላይኛው ቤት ልጅ አግብታለች። ግቢው በር ላይ ያለው ቧንቧ ተሠርቷል።

እናትሽ ከፊት ለፊቴ ቁጭ ብላ "ወደ ቁም ነገሩ ግባ" በሚል ዓይን ታየኛለች። እሺ።

አዎ፣ ከፍቼዋለሁ። እሑድ ቀን አንቺ ልብስሽን ስታሰናጂ ነው። አርባ አራት ዓመት ሙሉ ውስጡን ሳላይ ለሰው ያስረከብኩት ዕቃ የለም። ለባዕድ ያላደረግሁትን ለልጄ ላድርግ? ከሥሩ ያሉትን ብሎኖች ፈታሁ፣ አየሁ፣ ያማረ ሥራ ነው፤ አንድም ነገር ሳልነካ መልሼ ገጠምኩት። የአንዲቷንም ብሎን አፍ አላበላሸሁም። ማንም ሰው መከፈቱን ሊያውቅ አይችልም ነበር።

ያወቁት እኔ ስለነገርኳቸው ነው። ሰዓት ሠሪ የከፈተውን ሰዓት ክዳን ከውስጥ በኩል በመርፌ ጫፍ ይጭርበታል፤ የስሙን አንድ ፊደልና ቀኑን። ሙያውን ያስተማረኝ አርመን "ቀጥሎ የሚከፍተው ሰው ማንን እንደሚሰድብ ይወቅ" ይል ነበር። እጄ ለምዶ ያንቺንም ክዳን ከመግጠሜ በፊት "እ 5-1-17" ብዬ ጭሬበታለሁ። መጫሬን እንኳ ረስቼው ነበር። ትዝ ያለኝ አማኑ ፎቶውን አስፍቶ "ይህን ምልክት ያውቁታል?" ሲለኝ ነው።

ዝም አልኩ። እስከ ዛሬ የኔን ምልክት ሰው አሳይቶኝ ዝም ብዬ አላውቅም። በጣም አፈርኩ።

ከዚያ የክፍሉ አለቃ ወይዘሮ ወርቅአፈራሁ ተጠራች። ተከራከርኳት። የተቃጠለው ቻርጅ የሚቀበለው ክፍል ነው፤ ክዳን ስለተከፈተ የሚቃጠል ነገር አይደለም፤ ይህንን አማኑም አልካደም። "የአንድ ሰው ሰዓት ተከፍቶ ስለታየ ቆመ ይባላል ወይ?" አልኳት። ሳቀች። ደንቡ ግን ማን ከፈተው ይላል እንጂ ምን አበላሸው አይልም። ክፉ ሴት አይደለችም። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ እንድሰማት እየተጠነቀቀች፣ አንድ ቅጽ አለን አለችኝ። ዕቃውን ያስገባው ሰው "አልከፈትኩም፤ በክዳኑ ውስጥ የተገኘው ምልክትም የማን እንደሆነ አላውቅም" ብሎ ከፈረመ፣ ምልክቱ ከፋብሪካው እንዲሁ የመጣ ነው ብለው በነፃ ይሠሩታል። እስከ ግንቦት 30 ይጠብቁኛል። ልጄን ላማክር ብዬ ወጣሁ።

ይኸው አማከርኩሽ። የኔን ሐሳብ ግን ሳልጽፈው ታውቂዋለሽ። ስለደበቅሁሽ ይቅር በይኝ።

አባትሽ እምሩ


ቢስቲማ
ሚያዝያ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባባ፣

እንኳን አብሮ አደረሰን። ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳቅሁ፤ በኋላ ሳቄ አለቀ።

ይፈርሙ አባባ።

ወይዘሮ ወርቅአፈራሁን በስልክ አግኝቻታለሁ። እኔ ልፈርም ብላት ዕቃውን ያስገባው ሰው ካልሆነ አይሆንም አለችኝ። የምትችለውን መንገድ ከፍታልናለች፤ እርስዎ ደጁ ላይ ቆመው አልገባም የሚሉ ነው የሚመስለኝ። ማንንም አይጎዳም። እርስዎ ራስዎ ብልሽቱ ከመከፈቱ ጋር አይገናኝም ብለዋል። ታዲያ ውሸቱ የቱ ጋ ነው? አንድ ፊደል ነው፣ አባባ። "እ" የሚጀምር ስም ያለው ሰው በአዲስ አበባ ስንት ነው?

ልጆቹ በየቀኑ "ቲቸር፣ መጣ?" ይሉኛል። ሊመጣ ነው እያልኩ ወር አለፈኝ። ከነሱ ሦስቱ ዩኒቨርሲቲ ይገባሉ ብዬ የምተማመንባቸው ናቸው፤ መልሱን እያወቁት ከማውዙ ጋር ሲታገሉ ሰዓት ሊያልቅባቸው ነው።

የከፈቱት እርስዎ ነዎት። የጫሩበትም እርስዎ ነዎት። እነሱ ምን አጠፉ?

ጽዮን


ፒያሳ
ግንቦት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጽዮን፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። አልፈርምም።

ማንንም አይጎዳም ያልሽው ልክ ነው፣ ድርጅቱን አይጎዳም። የጥፋቱ ባለቤት እኔ ነኝ ያልሽውም ልክ ነው። ለዚህ ነው ገንዘቡን እኔ ልክፈል ብዬ የወርቅ ቤቱን ባለቤት ብድር የጠየቅሁት፤ ከክረምት በፊት አይሆንልኝም አለኝ። ሌላም ሰው ጠይቄያለሁ። እየፈለግሁ ነው።

ምልክቴን ግን አላውቀውም አልልም። አንቺ ሕፃን ሳለሽ አንድ ሰውዬ እየተሳደበ ወደ ሱቄ ገብቶ የአባቱን ሰዓት ጠረጴዛው ላይ ወረወረልኝ። ከዚህ በፊት የሠራው ሰው አበላሽቶታል አለኝ። ከፈትኩት፤ የኔ ምልክት አለበት። ያበላሸሁትም እኔ ነበርኩ። ሰውየው አላየም፤ ዝም ብዬ ዘግቼ ሌላ ሰው ነው ብል ማንም አያውቅብኝም። የኔ ነው አልኩት። ዛሬም ድረስ እሱና ቤተሰቡ ሰዓታቸውን የሚያመጡት እኔ ጋ ነው። ፊደሏ አንድ ናት ብለሻል። ያለችኝም እሷ ናት።

እናትሽ ሰላም ብላሻለች።

እምሩ


ቢስቲማ
ግንቦት 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባባ፣

ባለፈው ለጻፍኩት ይቅርታ ያድርጉልኝ። "እነሱ ምን አጠፉ" ያልኩትን ከላክሁ በኋላ እንድሪስ እንዲመልስልኝ ደውዬለት ነበር፤ ኮምቦልቻን አልፌያለሁ አለኝ። እርስዎ ገንዘብ ለመበደር መዞርዎትን ሳነብ ደግሞ የበለጠ ከፋኝ። እባክዎ ይተውት፤ ማንንም አይለምኑብኝ።

እኛ መላ ፈጥረናል። የካርቶን ጀርባ ላይ የኪቦርዱን ፊደላት በልካቸው ሥለን በየዴስኩ አንድ አንድ አድርገናል። ለማውዝ ደግሞ የልብስ ሳሙና ነው የምንጠቀመው፤ ግማሹ ተቆርጦ እጅ ውስጥ ልክ ይገባል፣ ጠረጴዛ ላይም ይንሸራተታል። "ወደ ቀኝ፣ ወደ ላይ፣ ሁለቴ ተጫኑ" እላለሁ፤ አርባ አንድ ሳሙና ይንቀሳቀሳል። ርእሰ መምህሩ በመስኮት አይተው ልብስ አጠባ መሰላቸው።

ዐፊፋ የምትባል ልጅ አለች፤ ከሁሉም ጎበዟ ናት። ትናንት ከክፍል ስትወጣ "ቲቸር፣ ሳሙናው ስነካው ምንም አይሆንም። እዚያ ስንደርስ ስክሪኑ ላይ የሆነ ነገር ሲንቀሳቀስ እኔ እንዳልደነግጥ ነው የምፈራው" አለችኝ። አትደነግጪም አልኳት። 

ይህን የምጽፈው እንዲፈርሙ አይደለም። ፒያሳ ሆነው ስለኛ እንዳይጨነቁ ብዬ ነው። ጉዳዩን ዘግተነዋል፤ ላፕቶፑን እንዳለ ተረክበው ያስቀምጡልኝ።

ልጅዎ ጽዮን


ፒያሳ
ግንቦት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለጽዮን፣

ላፕቶፑ ተሠርቶ በእንድሪስ እጅ መጥቶልሻል። ፊት ለፊቴ አብርተው፣ ቻርጅ ሲቀበል አይቼ ነው የተረከብኩት። አዲስ ክፍል ነው የገጠሙለት። ሳሙናውን ለልብስ አድርጉት።

ዐፊፋን እኔም አትደነግጪም ብዬሻለሁ በያት።

አባትሽ እምሩ

ጽዮንዬ፣ እኔ እናትሽ ነኝ፤ እሱ ፖስታ ሊገዛ ሲወጣ ነው የምጨምርልሽ። አባትሽ ማክሰኞ ከአራት ኪሎ ከተመለሰ ወዲህ ሥራ አልሄደም። አሞኝ ነው ይላል፤ ትኩሳት የለውም። ምን ሆነህ ነው ስለው የማይሰማ ይመስላል፤ እኔ ደግሞ ሲሰማና ሳይሰማ ለይቼ አውቃለሁ። አንቺ የምታውቂው ነገር ካለ ጻፊልኝ።


ቢስቲማ
ሐምሌ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባባ፣

ተፈትነው ተመለሱ። ውጤቱ ገና ነው፤ ግን አርባ አንዱም ሄደው አርባ አንዱም ጨርሰው መጥተዋል። ላፕቶፑ ከመጣበት ቀን ጀምሮ እሑድንም ጨምረን ተለማመድን፤ ለእያንዳንዱ ልጅ ስምንት ጊዜ ደረሰው። አንዱ ልጅ የመጀመሪያው ቀን ገጹ ጠፍቶበት አሥር ደቂቃ አቃጥሏል። ዐፊፋ ግን ሰዓት ተርፏት ሁለት ጊዜ ከልሳ ነው የወጣችው። እናቷ አንድ ጠርሙስ ማር ይዛልኝ መጣች። ለአባቴ ነው የሚገባው ብዬ ነግሬአት ለእርስዎ ልኬዋለሁ፤ እንድሪስ ጋ ነው።

አባባ፣ እንዴት እንደተሠራ በሁለት ደብዳቤ ጠየቅሁዎት። በአንደኛው ስለ ዝናቡ ጻፉልኝ፤ በሁለተኛው ስለ ታክሲ ተራ። ገንዘቡን ተበድረው ከከፈሉ ይንገሩኝ፤ እኔ ነኝ የምከፍለው። ሌላ ነገር ከሆነም ይንገሩኝ።

ልጅዎ ጽዮን


ፒያሳ
ሐምሌ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለጽዮን፣

እንኳን ደስ አለሽ። ልጆቹንም እንኳን ደስ አላችሁ በይልኝ። ማሩ ደርሷል፤ እናትሽ በልታ አመስግናለች። እኔ አልቀመስኩም። የሚገባኝ ስላልመሰለኝ ነው፤ አኩርፌ እንዳይመስልሽ።

ገንዘብ አልከፈልኩም። ፈርሜያለሁ።

ስለ ሳሙናው የጻፍሽውን ካነበብኩ በኋላ አራት ቀን አሰብኩ። እንዳልፈርም ነው የጻፍሽልኝ፤ አውቃለሁ፤ በዚያ አትወቀሺም። ግን ያቺ ልጅ ካርቶን ላይ ስትጫን ታየችኝ። እኔ ለክብሬ ስል እሷን የማስደነግጣት ሆኖ ተሰማኝ። ግንቦት 19 ማክሰኞ ሄድኩና ቅጹን አምጡ አልኳቸው። "ምልክቱ የማን እንደሆነ አላውቅም" ይላል፤ ከሥሩ ፈረምኩ። ፊርማዬ ያው በ"እ" ነው የሚጀምረው፤ ሌላ ፊርማ የለኝም። አማኑ ወረቀቱን አየ፣ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ክዳን አየ፣ ከዚያ ቀና ብሎ እኔን አየኝ።  ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ወይዘሮ ወርቅአፈራሁ ማህተም መታችበትና "አባት፣ እንኳን ደስ አለዎት" አለችኝ።

እናትሽ ዛሬ ነው የሰማችው። አልተቆጣችኝም።

ሥራ ተመልሻለሁ። ከዚያ ወዲህ አሥራ ሰባት ሰዓት ከፍቼ ሠርቻለሁ። አንዱም ላይ አልጫርኩም። መርፌውን አነሳዋለሁ፣ ክዳኑን አገላብጣለሁ፣ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። አላውቀውም ብዬ በፊርማዬ ያጸናሁትን ምልክት ሰው ሰዓት ላይ ምን ብዬ አስቀምጠዋለሁ? ስለጠየቅሽኝ ነው የምነግርሽ እንጂ ላሳዝንሽ አይደለም። ጊዜው ቢመለስ መልሼ እፈርማለሁ። ግን እንደ በፊቱ አይደለሁም፤ ይህን ካንቺ አልደብቅም።

የክረምቱ እረፍት ስንት ቀን ነው? እናትሽን ናፍቀሻታል፤ እኔንም ናፍቀሽኛል።

አባትሽ እምሩ


ቀን፦ ነሐሴ 1 ቀን 2017 ዓ.ም.
ቢስቲማ

ለደንበኞች ጥገና ክፍል ኃላፊ ለወይዘሮ ወርቅአፈራሁ
አዲስ አበባ፣ አራት ኪሎ

ጉዳዩ፦ በዋስትና በነፃ የተሠራልኝ ጥገና ተሰርዞ ዋስትናው እንደተከለከልኩ እንዲቆጠርልኝ ስለመጠየቅ

ከላይ በርእሱ ለመግለጽ እንደሞከርኩት፣ በሚያዝያ ወር ላፕቶፔ ከድርጅታችሁ ውጭ በሆነ ሰው ተከፍቷል ብላችሁ ዋስትናዬን ማቋረጣችሁ ይታወሳል። በግንቦት 19 ቀን 2017 ዓ.ም. ግን አባቴ አቶ እምሩ ገብረዮሐንስ በፈረሙት ቅጽ መሠረት ውሳኔያችሁን ሽራችሁ በነፃ ሠርታችሁልኛል። የመጀመሪያው ውሳኔያችሁ ትክክል ነበር። ሁለተኛው ስህተት ነው።

ላፕቶፑን መስከረም 5 ቀን 2017 ዓ.ም. የከፈቱት አባቴ ናቸው። በክዳኑ ውስጥ የተገኘው ምልክት የእሳቸው ነው። አርባ አራት ዓመት በሠሯቸው ሰዓቶች ሁሉ ውስጥ ያስቀመጡት ምልክት ነው፤ ፒያሳ ገብታችሁ የአሮጌ ሰዓት ክዳን ብታስከፍቱ ታገኙታላችሁ። እንዲክዱት የጠየቅኋቸው እኔ ነኝ። እሳቸው እምቢ ብለው ነበር፤ ግንቦት 3 ቀን የጻፉልኝን የእምቢታ ደብዳቤ ቅጂ አያይዣለሁ። በኋላ የፈረሙት ለአርባ አንድ ተማሪዎቼ አዝነው ነው እንጂ ለራሳቸው ያገኙት ነገር የለም።

ስለዚህ የፈረሙበት ዋናው ቅጽ ከፋይሉ ወጥቶ በእጃቸው እንዲመለስላቸው፣ በምትኩም "ምርቱን የከፈተው ሰዓት ሠሪ እምሩ ገብረዮሐንስ ነው፤ ምልክቱም የእሱ ነው" ተብሎ እንዲመዘገብ እጠይቃለሁ። የጥገናውን ሙሉ ዋጋ ከነሐሴ ጀምሮ ከደመወዜ በየወሩ በአራት ጊዜ ከፍዬ እጨርሳለሁ፤ የመጀመሪያውን ክፍያ ያስገባሁበት የባንክ ወረቀት ከዚህ ጋር ተያይዟል።

ፋይሉ ተዘግቷል የሚል መልስ እንደምትሰጡኝ እገምታለሁ። እንደዚያ ከሆነ ዋስትናዬን አላግባብ ፈቅዳችሁልኛል ብዬ ለንግድ ቢሮ አቤት ለማለት የምገደድ መሆኔን ከወዲሁ በትሕትና አስታውቃለሁ።

ለቴክኒሻን አማኑ ምስጋናዬ ይድረስልኝ።

ከሠላምታ ጋር

ጽዮን እምሩ
መምህርት

ግልባጭ፦
ለአቶ እምሩ ገብረዮሐንስ፣ ሰዓት ሠሪ
ፒያሳ